በጫማዎ ዙሪያ ጉም ስለሆኑት ስልሳ አንድ አባቶች

ለክቡር የወንዝ ዓሣዎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር በመድረክ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ሳል ይዞዎት ሁለት ጊዜ ውኃ ሲጎነጩ አይቻለሁና፣ ደረትዎን ተሽሎዎት እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ መግባቱ ነውር መሰለኝ። ጉልበትዎ ይጽና። ወንበርዎ አይነቃነቅ። ዘርዎ ይብዛ፤ ሲበዛም፣ ከተቻለ፣ የተለያየ ይሁን።

ማን እንደሚጽፍልዎ ባያውቁ አልቀየምም። በመፈልፈያ ቤቱ ውስጥ ከሦስተኛው ገንዳ አጠገብ፣ ፓምፑ በሚጮህበት ጥግ ቆሜ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዓሣ እንቁላል በዶሮ ላባ ሳማስል የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጎብኝተውናል። በመጀመሪያው ጉብኝትዎ የጽዳት ሠራተኛ መስዬዎት ወለሉ ለምን እንደረጠበ ገሥጸው ጠይቀውኛል፤ በሁለተኛው ደግሞ ከጎብኚዎቹ አንዷ መስዬዎት በፈገግታ እጄን ጨብጠዋል። እጄ የዓሣ ልጋግ ነበረበት። ወዲያው በመሐረብ ሲጠርጉት አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

በግልጽ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በዚህ ወቅት ብቻ ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬልዎ፣ ሦስቱም «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ተመልሰውልኛል። ጽሕፈት ቤትዎ ማየት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አላስፈለገኝም። የቀረኝ፣ ሌላም ሰው እንዲያይ ማድረግ ነው።

ሌሎች የሚያነቡት ከሆነ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል። በወንዛችን ውስጥ ባለጋሻ የምንለው ዓሣ አለ፤ ቅርፊቱ የሰው መዳፍ ያህላል፣ መንጠቆ ሲይዘው ግማሽ ሰዓት ይታገላል፤ ይህን ትግል ለማየት ሲሉ ባለመንጠቆዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። በሌላ ወንዝ የለም። ከላይ ግድቡ፣ ከታች መረቡ፣ መሐል ላይ የእኛ ጥበቃ ተባብረውበት፣ እስከ ባለፈው ሰኞ ድረስ ያወቅናቸው የዱር ባለጋሻዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ ሴት፣ ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ፣ ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ። አንዱ ወንድ፣ ፏፏቴው ሥር ባለው ጥልቅ ኩሬ፣ ወንድሜ በሚጠብቀው። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይህ ወንድ ዓሣ ነው፤ እርስዎ ለእንግዳዎ ለቅዳሜ ቃል የገቡለት።

ቅሬታ አላልኩትም። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ። ስለ ንጽሕናችን አመሰግናለሁ። የላብራቶሪ ባለሙያችን ከሦስት መቶ የመፈልፈያ ቤት ዓሣዎች ክንፍ ጫፍ ጫፉን ቆርጣ ዘረመላቸውን ብታስመረምር፣ ሦስት መቶዎቹም የቅርብ ወንድምና እህት ሆነው ተገኙ። ውጤቱን «አስቸኳይ» ብላ ከላይ በቀይ ጽፋ ላከችልዎ። እርስዎም በአራተኛው ቀን የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ላኩልን፤ ውጤቱ ወጥ መሆኑ የሥራችንን ጥራት እንደሚያረጋግጥ ገልጸው፣ በበራችን ላይ «መቶ በመቶ ንጹሕ ዘር» የሚል ሰሌዳ እንዲሰቀል አዘዙ። ባለሙያዋ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ «ከእኔና ከእሳቸው አንዳችን ጤና የለንም» አለች። ወንድሜ ደግሞ ሰሌዳውን ለመስቀል መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ሚስማሩን በጥርሱ እንደያዘ፣ «እትዬ፣ ሰባት ቤት መቁጠር ቢያቅተን አንድ ቤት እንዴት አቃተን?» ብሎ ጠየቀኝ። መሰላሉን ያዝኩለት።

፪ኛ። ስለ ቋንቋችን መቃናት አመሰግናለሁ። ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ የሚያበላሸው በሽታ የገባ ሳምንት፣ ማክሰኞ አንዲት ዓሣ ጎኗን ሰጠች። ረቡዕ ሠላሳ። ዓርብ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ገንዳ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆድ ብቻ ሆኑ፤ የተረፉት በሽታው ያልደረሰበት ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። እንደዚያ ያለ እኩልነት ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም። ዘራቸው የተለያየ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ይሞታል፣ ግማሹ ያገግማል፤ ሁሉም በር የራሱ ቁልፍ አለውና። የእኛዎቹ ግን በራቸው አንድ ነበር፤ በሽታው አንድ ቁልፍ አገኘ፣ ቤቱን ሁሉ ከፈተ። ሪፖርታችን ላይ «አለቁ» ብዬ የጻፍኩትን ቃል ሰርዘው በእጅዎ ጽሕፈት «ቁጥራቸው ተስተካከለ» በማለት ስላረሙልኝ፣ እስካሁን ድረስ የሞተ ሰው ስሰማ ያ ቃል ይመጣብኛል። ይህንን ልማድ እንዴት እንደምተው ቢጠቁሙኝ ውለታዎ በዛ ማለት ነው።

፫ኛ። ስለ ጉሙ።

ስለዚህ አጭር መሆን ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በላብራቶሪው ጥግ፣ የወተት ማመላለሻ የሚመስል ክዳኑ ወፍራም ጋን ነበረ። በውስጡ ዘርን ለዓመታት አቀዝቅዞ የሚያቆይ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በናይትሮጅኑ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ ውስጥ የስልሳ አንድ የዱር ወንድ ባለጋሻዎች ዘር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ባለመንጠቆ የዱር ወንድ በያዘ ቁጥር፣ ወንድሜ ዓሣው ወደ ውኃ ከመመለሱ በፊት በሩጫ ይደርሳል፣ ሆዱን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ያሻል፣ የወጣውን ጠብታ በቱቦ ተቀብሎ እየሮጠ ያመጣልኝ ነበር። ስም የሚያወጣላቸውም እሱ ነበር። «ቁጡው»። «አንድ ዓይናው»። «ከድልድዩ ሥር ያለው»። «አማቴን የሚመስለው»። ከእነዚህ የብዙዎቹ ኩሬ ዛሬ ደርቋል፤ እነሱም የሉም፤ ከቱቦው በቀር። የስንጥብ በሽታውን ካየን በኋላ በዚህ ወቅት እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ሳህን ልናባዛቸው ነበር። ስልሳ አንድ ሳህን ገዝተን አጥበን ደርድረናል። ሳህኖቹ አሁንም አሉ።

የዝግጅቱ አስተባባሪ፣ ለብዝኃ ሕይወት ፕሮጀክታችን ምረቃ መድረክ ሊያሳምር ሲዞር፣ ባለሙያዋ የጋኑን ክዳን ስትከፍት ነጩ ጉም በወለሉ ላይ ሲፈስስ አየ። «እንዴ! ይኼ ነው እኮ የፈለግነው!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ባለሙያዋ እምቢ ብትለው በደብዳቤ እርስዎን ጠየቀ። እርስዎም በደብዳቤው ኅዳግ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ «ለበዓሉ ድምቀት ይሰጥ» ብለው መሩበት። የሚከፍት እንጂ የሚጠይቅ ባልነበረበት በዕረፍት ቀናችን መጥተው ወሰዱት። አስተባባሪው ጥንቁቅ ሰው መሆኑን አልክድም፤ ናይትሮጅኑን መድረኩ ሥር በተደረደሩት የሙቅ ውኃ ባልዲዎች ውስጥ ከመገልበጡ በፊት ቱቦዎቹን አንድ ሳይቀር አውጥቶ፣ በፌስታል ቋጥሮ፣ «የላብራቶሪ ዕቃ፣ እንዳይጠፋ» ብሎ ጽፎበት፣ ፀሐይ ላይ በቆመች መኪና ውስጥ አስቀምጦልናል። ጋኑንም አጥቦ አድርቆ መልሶልናል።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እርስዎ «የዘር ብዝኃነት ሀብታችን ነው» ሲሉ፣ ጉሙ ከመድረኩ ሥር ተነሥቶ ጫማዎን፣ ከዚያ ጉልበትዎን ሸፈነ። ሳልዎም ያን ጊዜ መጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከየት እንደመጣ አላወቅሁም ነበር፤ ያምር ነበር። ይህንን ለወንድሜ እስከዛሬ አልነገርኩትም፤ አሁን ከእርስዎ ጋር አብሮ ያነበዋል።

፬ኛ። አራተኛው የእርስዎ አይደለም። የእኔ ነው፤ ከዝርዝሩ ባወጣው ቁጥሩ ይዛባል ብዬ ተውኩት።

የሦስት መቶዎቹ ዓሣዎች አባት ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ሳላውቅ። በየዓመቱ በገንዳ ካቆየናቸው ወንዶች የአሥራ ሁለቱን ዘር በአንድ ነጭ ሳህን ላይ እጨምቅ፣ እንቁላሉን አፈስስበት፣ በላባ አማስል፣ መዝገቡ ላይም «አባት፦ አሥራ ሁለት» ብዬ እጽፍ ነበር። ኋላ ባለሙያዋ አስረዳችኝ፤ በአንድ ሳህን ውስጥ ዘሩ ፈጣን የሆነው አንዱ ወንድ ሌሎቹን ቀድሞ እንቁላሉን ሁሉ ይወስደዋል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዱን አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። እናትየዋንም ቢሆን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያችው የሦስተኛው ገንዳ ሴት ናት፤ እሜቴ እንላታለን። ስትያዝ አትፈራገጥም፤ ሆዷ ሲታሽ ዝም ትላለች፤ ክንዴም ያመኝ ነበርና ሁልጊዜ እሷን አወጣለሁ። በትግሉ የታወቀውን ዓሣ ለማዳን፣ ከማይታገሉት ብቻ አራባን። ጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞቹን የሚመርጥበትን መንገድ ሳስብ፣ እኔና እሜቴ እንዴት ያን ያህል ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ እንደቆየን ይገባኛል።

እጄን አየዋለሁ አንዳንዴ። ፓምፑ ይጮሃል። እጄ ምንም አይመስልም።

፭ኛ። ስለ እንግዳዎ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ የመንጠቆ ዘንግ ይዘው የሚጓዙ ትልቅ ሰው መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ «የመጨረሻውን የዱር ባለጋሻ የመያዝ ክብር» ለእሳቸው እንደተሰጠም በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ አንብቤአለሁ። ጋኑ ከደረቀ በኋላ በዓለም ላይ የቀረን ባዕድ ዘር ያ አንድ ወንድ ስለሆነ፣ የገንዳዋም ሴት እንቁላሏ በዚሁ ሳምንት ስለሚደርስ፣ የደረሰ እንቁላል ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ፣ ዘሩን እስክንወስድ ቅዳሜን በአሥር ቀን እንዲያራዝሙ በሦስቱ ደብዳቤዎቼ ለምኜ ነበር። ታይቷል። ዘሩን ለመውሰድ ብቻ ፈቃድ ብጠይቅም፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሚቴ ከአሥር ቀን በኋላ እንደሚሰበሰብ ተነገረኝ። ዓሣዋ እንቁላሏን ለኮሚቴ ማቆየት አልተማረችም። ልምድ ይጎድላታል።

፮ኛ። በመጨረሻም፣ በጣም ከልቤ፣ ስለ ሰኞው ንግግርዎ አመሰግናለሁ።

«የሥራ ሰዓትን በአግባቡ ስለመጠቀም» በሚል ርእስ፣ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን አቁሞ በአዳራሹ እንዲገኝ አዝዘው፣ ለሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተናገሩ። ከፏፏቴው እስከ መፈልፈያ ቤቱ ያለው የእግር መንገድ፣ ዓሣ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ከግማሽ ነው። ንግግርዎ አጭር ቢሆን ኖሮ በር ላይ እንያዝ ነበር። ይህን ውለታ የሚያህል ውለታ ጽሕፈት ቤትዎ ለወንዙ ውሎ አያውቅም።

ስለዚህ እነሆ ይታወቅ፦ ወንዱን ከኩሬው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያለ ፈቃድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእርጥብ ሸራ ቃሬዛ ላይ አስተኝቼ። አብሮኝ አንድ ጠባቂ ነበረ። ጠባቂው «እትዬ፣ ስሜን እንዳትጽፊ፣ 'አንድ ጠባቂ' ብቻ በይ» ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አልጽፍም፤ በኩሬው ያለው ጠባቂ አንድ ብቻ መሆኑን ግን ማን ይንገረው? ግማሽ መንገድ ላይ ትከሻው ሲዝል፣ «ሙሽራው ከብዷል፣ ሚዜ ጨምሪ» አለኝ። ሳቅሁ። በየመቶ እርምጃው እየቆምን በባልዲ ውኃ እናፈስስለት ነበር፤ ስንጥቡ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መጀመሪያ ሲፈራገጥ ቃሬዛውን ሁለቴ ከእጃችን አስጥሎን ነበር። ኋላ መፈራገጡን ተወ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ሆዱን በገዛ እጄ አሸሁት። ዘሩ ነጭ፣ ወፍራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነበር። ባለሙያዋ ትንንሽ ብርጭቆዎች ይዛ ትጠብቀን ነበር። ግማሹን ለገንዳዋ ሴት እንቁላል፤ ቀሪውን ከበሽታው ለተረፉ አራት የመፈልፈያ ቤት እናቶች፣ ለእያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሳህን። ለመጪው ዓመት ጥቂት ማስቀረት ይገባን ነበር። ወዴት? ጋኑ ንጹሕ ነው፤ ደረቅ ነው። የመጨረሻዋን ጠብታ ከብርጭቆው ጫፍ በላባ ጠርጌ ጨረስኩ።

ከዚያ ወንዱን ውኃ ውስጥ መልሼ፣ ጀርባውን ደግፌ ያዝኩት። ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ፤ ንግግርዎን መጨረስዎ ነበር። እጄ ላይ ጎኑን ሰጠ።

እንግዲህ ገድዬዋለሁ። እንግዳዎ ምናልባት ይዘው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ይለቅቁት ይሆን ነበር። ይህንን ከሰኞ ጀምሮ አስባለሁ፤ ደብዳቤዬ ውስጥ የማሾፍበትን ሰው ስፈልግ አንዳንዴ የምደርሰው እኔው ላይ ነው። የተረፈውም ማዳን አይባልም። አንድ አባት፣ አንዲት እናት፣ እንደገና። አራቱ ሳህኖች ጥቂት ያሰፉታል፤ ስልሳ አንድ በር ግን አይሆኑም። ማዘግየት ነው። ሆኖም ዛሬ ሐሙስ ጠዋት በእጅ መብራት ባያቸው፣ በአምስቱም ሳህኖች እንቁላሎቹ ዓይን አውጥተዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች። ያያሉ።

ልመናዬ አንድ ነው። እኔን ያሰናብቱኝ፤ ደብዳቤው ተዘጋጅቶ ከሆነ ቀኑን ብቻ መሙላት ነው። ነገር ግን አምስቱን ሳህኖች የሚቀላቅል ሰው ወደዚያ ክፍል አይላኩ። ቦታ ለመቆጠብ፣ ለጉብኝት እንዲያምር፣ ለቆጠራ እንዲመች፣ በምንም ምክንያት አይቀላቀሉ። ባለሙያዋን ይተዉአት፤ አንብባ የሚገባት እሷ ብቻ ናት። ጠባቂውንም ይተዉት፤ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ስለሌለ፣ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት አሠራር ጋር በሚገባ ይስማማል።

የእርስዎን ክብር ከራሴ እንጀራ አስቀድሜ፣ የማይገባኝን ትዕግሥትዎን እየለመንኩ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ካነበቡት ከመደነቄ ጋር፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የሦስተኛው ገንዳ ሠራተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እንግዳዎ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ፣ ነገ ዓርብ ማታ ከበሽታው የተረፉ አርባ የመፈልፈያ ቤት ባለጋሻዎች በመኪና ተወስደው ኩሬው ውስጥ እንዲጨመሩ ማዘዝዎን አሁን ሰማሁ። መልካም አስበዋል። አንድ ምክር ብቻ፦ ዘንግ አያስፈልጋቸውም። እነዚህ ዓሣዎች ከእንቁላላቸው ጀምሮ ከሰው እጅ የበሉ ስለሆኑ፣ ዳር ላይ የሰው ጥላ ሲያርፍ ሁሉም ተሽቀዳድመው ይመጣሉ፣ አፋቸውንም ከውኃው በላይ ይከፍታሉ። እርስዎም ከእንግዳዎ ጎን ይቁሙ። በሹመት ዘመንዎ እንዲህ ከልቡ ደስ ብሎት የሚቀበልዎ ፍጥረት ሌላ አያገኙም፤ ምንም ይዘውለት እንዳልመጡ እስኪገባው ድረስ።